ሚጡ አፏን የገጠመች ዕለት

እህቴ ከሞተች ወዲህ ልጇን ሚጡን የማሳድጋት እኔ ነኝ። ጥርሷ ጠቁሮ ሲያስለቅሳት፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለው ግቢዬ ውስጥ የተከራየው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከላዩ ትንሽ ፍቆ ወሰደና ማይክሮስኮፕ ስር ያየውን በስልኩ ቀርጾ አሳየን። ጀርሙ ይርመሰመሳል።

«ከረሜላ ጥርስ እንደሚበላ አንብቤያለሁ፤ ይኼ ጉድ ግን ከየት መጣባት?» አልኩት።

«ብዙ ጊዜ ከእናት ነው፣ እትዬ። በቀመሰችበት ማንኪያ ስታጎርሳት ይተላለፋል።»

«እናቷማ አፈር ገብታለች።»

«እሱ ግን እዚሁ ሚጡ አፍ ውስጥ ይራባል።»

ከእራት በኋላ ብሩሹን ይዤ ስመጣ ሚጡ አፏን ገጠመች። «እማዬን ከአፌ ልታስወጪያት ነው» አለችኝ።

በምላሴ ሰፈሩን የማስጨንቅ ሴትዮ ብሩሹን ዝቅ አድርጌ፣ «እኔና እናትሽ በአንድ ማንኪያ ነው ያደግነው፤ እኔ አፍ ውስጥም አለች» አልኳት።

አፌን አስከፈተችኝ። ወደ ውስጥ «እማዬ» ብላ ተጣራች፤ ጆሮዋን አስጠግታ ትንሽ ቆየችና፣ «እሺ ብላለች» ብላ የራሷን አፍ ከፈተችልኝ።