የዘመድ ሁሉ ሐብል

እናቴ ያወረሰችኝን የወርቅ ሐብል ከእኔ አንገት ይልቅ የዘመድ ሙሽሮች አንገት ያውቀዋል። ሰርግ በመጣ ቁጥር ከቴፒም ከማሻም መጥተው ይዋሱኛል፤ እኔ ያጠለቅሁት ለራሴ ሰርግ ብቻ ነው። ታዲያ ልጄ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረና ሐኪሙ «ጅማ ውሰጂውና ብረት ይግባለት» አለኝ። ቤት ያለን ገንዘብ ለመሳፈሪያም አይበቃም። ሐብሉን ልሸጠው እንደሆነ ለአክስቴ ለእትዬ ብርቄ ነገርኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ዘመድ ቤቴን ሞላው። ልጁን ሊጠይቁ የመጡ መስሎኝ ከጎረቤት ወንበር ተዋስኩ። ለካ የመጡት ሐብሉን ሊያስታምሙ ኖሯል። ልጄ ጥግ ላይ ክንዱን ታቅፎ ያያቸዋል።

«የእናትሽን አደራ ልትሸጪ?» አሉ እትዬ ብርቄ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። «ያውም የልጄ ሰርግ ደርሶ?»

«እንግዲያው እርስዎ ይግዙኝ፤ ከዘመድ እጅም አይወጣም» አልኳቸው።

እትዬ ሐብሉን ገልበጥ አድርገው አዩትና «እሱስ ፋሽኑ አልፎበታል» አሉ።

ፋሽኑ ያለፈበትን ወርቅ በማግስቱ ሚዛን ከተማ ወርቅ ቤት ሸጬ ልጄን ጅማ ይዤው ሄድኩ። ክንዱ ደህና ገጥሞለታል። የእትዬ ልጅም ያለ ሐብል ተዳረች፤ እስካሁን ባሏ አልመለሳትም።