ኪስ ገባች ስለተባለችው ሌንስ

ስም፦ ምስክሯ ለአካለ መጠን ያልደረሰች በመሆኗ በዚህ ቅጂ አልሰፈረም፤ በቤት መጠሪያዋ «ጭልጭል»
ዕድሜ፦ ዐሥራ አምስት
ሥራ፦ ተማሪ
አድራሻ፦ ከወላጆቿና ከአያቷ ጋር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተቀኝ
ቀን፦ ሰኞ ጠዋት፣ የስርቆት አቤቱታው በቀረበ በሦስተኛው ቀን
አብረዋት የተገኙ ቤተሰብ፦ የምስክሯ አያት፣ ጡረተኛ ርእሰ መምህር፤ አቤት ባዩም እሳቸው ናቸው

በጎረቤታችን በፎቶግራፍ አንሺው ላይ ስለቀረበው የስርቆት አቤቱታ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ እንዲያውም «ዝም በይ» እየተባልሁ፣ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ተሰረቀ የተባለው ንብረት የእኔ ነው። ባለንብረቷ እኔ ሆኜ ሳለሁ ቅዳሜ ማታ አቤቱታው ሲጻፍ የጠየቀኝ ሰው የለም። አያቴ «ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች» ብለው ኮታቸውን ደርበው ወጡ። ሲመለሱ፣ ብልጭታ እያልን የምንጠራው ፎቶግራፍ አንሺ ታስሯል፤ ካሜራውና ሦስት የካሜራ ሌንሶቹም ተይዘዋል። ይህ ይጻፍልኝ።

እኔ ሩቅ ያለ ነገር አይታየኝም። የዐይን ሐኪሜ ያዘዘችልኝ ሌንሶች ሁለት ናቸው፤ የቀኙ ሰማያዊ፣ የግራው አረንጓዴ ሆነው ከሸሚዝ ቁልፍ አይበልጡም። ዐይኔ ውስጥ የማደርጋቸው ስተኛ ነው። ሌሊቱን የዐይኔን የፊት ሽፋን ጫን ጫን አድርገው ቅርጹን ያስተካክሉታል፤ ጠዋት አውልቄ ቀኑን ያለ መነጽር አያለሁ። ካላደረግኋቸው ዐይኔ በሁለት በሦስት ቀን ወደ ድሮው ይመለሳል። ይህን ለቤተሰቤ ለማስረዳት ያልሞከርሁት የለም። አክስቴ «ተኝታ ምን ልታይበት ነው? ሕልሟ ደብዝዞባት ነው?» ብላ ቤቱን ሁሉ አሳቀችብኝ። በመጨረሻ ያስረዳሁት በአያቴ ሱሪ ነው። አያቴ ሱሪያቸውን ፍራሽ ሥር ዘርግተው ይተኙበትና ጠዋት እንደ ተተኮሰ ለብሰው ይወጣሉ፤ አንድ ቀን ከረሱ ይጨማደዳል። የእኔም ዐይን እንደዚያው ነው ብያለሁ። አያቴ ሱሪያቸው በምሳሌነት በመጠቀሱ ለአንድ ሳምንት አኩርፈውኛል።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ብልጭታ ወደ ቤታችን የመጣው በአያቴ ጥሪ ነው። አያቴ ያስተዳደሩት ትምህርት ቤት የቀድሞ ርእሰ መምህራንን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ስለሆነ፣ «ከሁሉም በላይ የእኔ ይመር» ብለው ነው። ፎቶው ከመነሳቱ በፊት መታጠቢያ ቤት ገብተው በር ዘግተው ቆዩ። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን የሚያጸዱት እዚያ ነው፤ ሌንሶቼም ቀኑን በማጠቢያው ፈሳሽ ተነክረው የሚውሉት እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ ባለ ሁለት ጎድጓዳ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ነው።

አያቴ ወጥተው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ከኋላቸው ነጭ አንሶላ ይዤ ቆሜ ነበር። ብልጭታ «አባባ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉ» አላቸው።

«ፈገግ ብያለሁ።»

«ይኼማ ተማሪ ሊገርፉ ሲሉ ነው።»

«የሆነ ነገር ይቆረቁረኛል! እናቷ ምስሩን ሳትለቅም ነው የቀቀለችው» አሉ። እናቴ ምስር በመልቀም ዐይኗ የጠፋ ሴት ናት። ይህም ይጻፍልኝ።

ከዚያ ብልጭታ ከካሜራው ላይ አንዱን ሌንስ ፈትቶ «ይቺ ሌንስ አልሆነችም፣ ኪሴ ትግባና በሌላዋ ልሞክር» አለ። ሌንሷ የውሃ ብርጭቆ ታህላለች፤ የገባችውም ከአያቴ አፍንጫ ፊት ለፊት ነው። ፎቶውን አንስቶ፣ አመስግኖ፣ አንሶላውን አብሮኝ አጥፎ ሄደ።

ማታ ልተኛ ስል ዕቃዬን ብከፍተው ባዶ ነው። ስጮህ አያቴ ግንባራቸውን መቱና «ሌንስ! ኪሱ ሲከታት በጆሮዬ ሰምቻለሁ!» አሉ። ከቤት ሲወጡ ጆሮ የነበረው ደረጃውን ወርዶ ጣቢያ ሲደርስ ዐይን ሆነ፤ በአቤቱታቸው ላይ «ኪሱ ሲከት በዐይኔ አይቻለሁ» ተብሎ ተጽፏል። ያን ቀን መነጽራቸውን ለፎቶው አውልቀው ነበር።

ዛሬ ሳጅኑ ሦስቱን የካሜራ ሌንሶች ጠረጴዛ ላይ ደርድረው «የአንቺ የትኛው ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። እነዚህ ዐይኔ ውስጥ ከሚገቡ እኔ እነሱ ውስጥ ብገባ ይቀላል ብዬ መልሻለሁ። ሳጅኑ ለአፍታ ሌንሱን፣ ለአፍታ ዐይኔን አይተው እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ።

ያለ ሌንስ ሁለት ሌሊት በማደሬ ዛሬ ሩቁ ሁሉ ተደበላልቆብኛል። ወደ ጣቢያው ስገባ በሩ አጠገብ የቆመውን ብልጭታ መስሎኝ «አይዞህ» ብዬዋለሁ፤ ልብስ መስቀያ ነው። ቅርቡን ግን የመርፌ ቀዳዳ ሳይቀር እለያለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ያለው ነገር በሙሉ ደግሞ ቅርብ ነው።

አንደኛ፣ የዕቃዬ ክዳኖች ተዘዋውረዋል። በጥፍር ቀለም «ቀ» እና «ግ» ብዬ የጻፍሁባቸው ናቸው፤ ቅዳሜ ማታ «ቀ» በግራ በኩል ተከድኖ አገኘሁት። ሌባ ሰርቆ ሲያበቃ ክዳን ይገጥማል? ደግሞም ዕቃው ደረቅ ነበር። ሌንሱንስ ሰረቀ እንበል፤ ውሃውን ለምን ይጠጣዋል?

ያን ውሃ የሚወድ ሰው በቤታችን አንድ ነው። ባለፈው ሳምንት አያቴ ጠርሙሱን አንስተው «ለዐይን የሆነ ውሃ ለጥርስ ያንሳል?» ሲሉኝ፣ ያንሳል ብዬ ጠርሙሱን ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄዋለሁ። ዕቃው ውስጥ ሌንሶቼ የተነከሩበትን ግን አልደበቅሁም። ከቅዳሜ ወዲህ አያቴ መንጋጋቸውን ወደ ግራ እየገፉ ያኝካሉ። «ሌባ ጎረቤት እያለ ጥርስ አውልቆ አይተኛም» ብለውም ሁለቱን ሌሊት ከነጥርሳቸው ተኝተዋል።

ይህን ስናገር አጠገቤ የተቀመጡት አያቴ «የሌንስ ክስ ላይ ጥርስ ምን ዶለው! ሳጅን፣ ይሄ ይሰረዝልኝ!» ብለው ጠረጴዛውን መትተዋል። ሳጅኑ አልሰረዙም።

በዚህ ጊዜ ተናድጄ ድምፄን ከፍ ማድረጌን አልክድም። አያቴ ርእሰ መምህር ሳሉ እስክሪብቶ ጠፋኝ ብሎ ቢሯቸው የገባን ተማሪ ሁሉ «ሌባ ከማለትህ በፊት የራስህን ኪስ ፈትሽ» ይሉት እንደነበር እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ በየምሳው ይነግሩናል። እኔም «አባባ፣ እርስዎ ኪስዎን ሳይሆን አፍዎን ይፈትሹ። ሰው ታስሯል» አልኋቸው።

የአያቴ ምላስ ጉንጫቸው ውስጥ አንድ ነገር ሲፈልግ አየሁ፤ ከዚያ ቆመ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠየቁ። ሳጅኑን «ፊትህን አዙርልኝ ልጄ» አሏቸው። አያቴን ያለ ጥርስ ያየ ሰው የለም፤ ሟች ሚስታቸው እንኳ አላየቻቸውም ይባላል። እኔን «አንቺ መቼም አይታይሽም» አሉኝ። ቅርብ ስለነበሩ ይታየኝ ነበር፤ ግን ዞርሁ። ስለዚህ ይህን ክፍል አላየሁም፤ የሰማሁት ብርጭቆው ሲንቃጨል ብቻ ነው።

ስንመለስ ሰማያዊዋ ሌንስ ከላይኛው ጥርስ የላንቃ በኩል ተለጥፋ ብርጭቆው ውስጥ ነበረች። የእኔ መሆኗን አረጋግጫለሁ። አረንጓዴዋን በተመለከተ አያቴ ቅዳሜ አንድ ያልበሰለ ምስር መዋጣቸውን ራሳቸውን በመነቅነቅ አምነዋል።

ሰማያዊዋን ሌንስ ጣቢያው በኤግዚቢትነት ቢይዛት አልቃወምም፤ አያቴ አፍ ውስጥ ከርማ ዐይኔ ውስጥ አትመለስም። አዲስ እስኪታዘዝልኝ በአሮጌው መነጽሬ እከርማለሁ። ጥርሱ ግን ይመለስልን፤ ምንም እንኳ ያለ እሱ ቤታችን ጸጥ ቢልም። የምጠይቀው ብልጭታ ከነካሜራውና ከነሌንሶቹ ዛሬውኑ እንዲወጣ፣ «በዐይኔ አይቻለሁ» የሚለውም እንዲታረም ነው። እናቴም ስለ ምስሩ ይቅርታ ትጠየቅልኝ።

ቃሌ ተነብቦልኛል። ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ ብያለሁ፤ አንዱን በሌላው አልቀየርሁም።

የምስክሯ ፊርማ፦ ተፈርሟል
የቃል ተቀባዩ ሳጅን ፊርማ፦ ተፈርሟል
አብረው የተገኙት ቤተሰብ ፊርማ፦ ተፈርሟል። ጥርሳቸው ብርጭቆ ውስጥ ስለነበረ የሚከተለውን በእጃቸው ጽፈዋል፦ «በጆሮዬ ነው የሰማሁት። አቤቱታዬን አንስቻለሁ፤ ልጁ ይለቀቅ። ፎቶውንም እንደገና ያንሳኝ፤ አፌን እገጥማለሁ።»