ሲስተር ፋንቱ ኃይለኢየሱስ፦ ሕመምን በእጅ የለዩ

ዛሬ ዐፈር ያለበስናቸው ሲስተር ፋንቱ ኃይለኢየሱስ ከአባታቸው ከአቶ ኃይለኢየሱስ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰለፈች ደስታ በ1950 ዓ.ም. ከአንኮበር ዝቅ ብሎ ባለው ቁልቁለት ተወለዱ። አንኮበርና ደብረ ብርሃን ተምረው፣ በነርስነት ሠልጥነው፣ በሰላ ድንጋይ፣ በአሊዩ አምባ፣ በመጨረሻም በትውልድ ቦታቸው ሠላሳ አራት ዓመት አገልግለዋል።

በሥራ ዘመናቸው “ያመኛል” የሚለውን ቃል ብቻውን ተቀብለው አያውቁም፤ ይወጋል ወይስ ይቆረጥማል፣ ያቃጥላል ወይስ ይጠዘጥዛል እያሉ ይመረምሩ ስለ ነበር፣ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ሲስተር ፋንቱ ዘንድ የሚገባ ሰው ሕመሙን አስቀድሞ ያጥና እያለ ይቀልድባቸው ነበር። የራሳቸውንም ስሜት እንዲሁ እየለዩ በአንድ ሰማያዊ ደብተር ይጽፉ ነበር። ረድፉ ሦስት ነው፤ በአንድ ጣት የሚጠቆም፣ እንደ እሾህና እንደ ጥርስ፤ በሙሉ መዳፍ የሚታይ፣ እንደ ረኃብና እንደ ቁርጠት፤ እጅ ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅለት፣ እንደ ናፍቆትና እንደ ድካም።

በ1977 ዓ.ም. መምህር ሰይፈሥላሴ ታከለን አግብተው ራሔልንና ልዑልን ወለዱ። በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ እፎይ ይላሉ ስንል፣ መምህር ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ያዙ፤ ሲስተር ፋንቱም ሰባት ዓመት ሙሉ አጥበው፣ አጉርሰው፣ አገላብጠው አስታመሟቸው። በዚያ ላይ የጎረቤቱን ደም ግፊት መለካት ስላልተዉ፣ ቤተ ዘመዱ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይላቸው ነበር። እንዴት ነዎት ሲባሉ መልሳቸው “ድካም ነው” የሚል ብቻ ነበር። ሰውን ሁሉ ምን ዓይነት እያሉ የጠየቁትን ሴት፣ ምን ዓይነት ድካም ብሎ የጠየቃቸው አንድ ሰው አልተገኘም።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ከገበያ ሲመለሱ ዳገቱ እኩሌታ ላይ ቆም ይሉና፣ ቀኝ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው ጎንበስ ይሉ ነበር። ከኮሮና ወዲህ ሰላምታችን እንዲያ ሆኗልና፣ ያየናቸው ሁሉ እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን፣ እጅ ነሥተን አለፍን። ይህን የሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ሀብታሙም በጥር ወር ሁለት ጊዜ እጅ ነሥቶ አልፏል፤ ትሕትናቸውንም ለሰው አውርቷል።

መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ እዚያው ዳገት ላይ ዐረፍ እንዳሉ በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ደብተሩ ሲገለጥ በመዳፉ ረድፍ መጨረሻ እንዲህ ተጽፎ ተገኘ፦ “ዳገት ላይ ደረት የሚጫን፣ ሲቆሙ የሚለቅ። የልብ ነው። ለሕክምና አዲስ አበባ ብሄድ መምህርን ማን ያገላብጣል? ድካም ነው እላለሁ።”

ከሲስተር ፋንቱ በኋላ ባለቤታቸው መምህር ሰይፈሥላሴ፣ ልጆቻቸው ራሔልና ልዑል፣ አራት የልጅ ልጆች፣ እንዲሁም ሳይጠይቅ ያለፈው ወንድማቸው ቀርተዋል። ከትናንት ጀምሮ መምህርን የሚያገላብጡት ልዑልና ሀብታሙ ናቸው፤ ሁለት ሆነውም ይደክማቸዋል።

እኛ ምን ዓይነት ነው ብለን ያልጠየቅነውን ድካማቸውን እርሱ ሳይጠይቅ ያውቀዋልና፣ ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።