ሽቅብ መሳብ የለመደ እጅ

አቶ ቅጣው ከዘመሮ ገበያ ሲመለሱ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዛቸውና በቅሏቸውን አስረው ከመምህር አንዷለም በረንዳ ተጠለሉ። በሩ ገርበብ ብሏል። ወደ ውስጥ ቢያዩ መምህሩ የሉም፤ ከኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው የገዛ ልጃቸው ጽናት ናት። ሁለቱም ክው አሉ።

ጽናት የአብራሪነት ማሠልጠኛውን ፈተና አልፋ ሰኞ እንድትገባ ተጠርታለች። አባትየው ግን «በቁሜ አይሆንም!» ካሉ ሳምንት ሞላቸው። ለምን ሲባሉ የሴት ልጅ ወግ፣ የጎረቤት አፍ እያሉ ይደረድራሉ። ውሸታቸውን ነው። ልጃቸው ከሰማይ ስትወድቅ እየታያቸው እንቅልፍ አጥተዋል። ፈራሁ ማለት ደግሞ ለእሳቸው ሞት ነው።

«አባባ፣ ይግቡ እንጂ፤ ብርዱ ይጎዳዎታል።»

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«አውሮፕላን ማስነሣት እየተለማመድኩ። የእውነት አይደለም፣ ማስመሰያ ነው። መምህር ፈቅደውልኝ ነው።»

አጠገቧ ተቀመጡ። በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ አውሮፕላኑ ከመሬት ተላቀቀ፤ የአቶ ቅጣው ጣቶች ጉልበታቸውን ጨመደዱ። ትንሽ ከፍ እንዳለ ጽናት አፍንጫውን ዝቅ አደረገችው።

«ኧረ በማርያም! ተራራው ፊትሽ ተደቅኖ ትዘቀዝቂዋለሽ?»

«አሁንም እየወጣ ነው አባባ፤ ሽቅቡን ቀነስኩለት እንጂ። ይህችን ቁጥር ይዩ፣ ፍጥነቱ ናት። መቶ ስልሳ ነበረች፣ እየጨመረች ነው። በደንብ ስትጨምር ለመነሣት ከክንፉ ኋላ የተዘረጋውን ተቀጥላ እሰበስባለሁ። ቀድሜ ብሰበስበው ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ያቅተዋል።»

«እኔ በቅሎ ገደል አፋፍ ላይ ስትደናቀፍ ልጓሟን ሽቅብ እስባለሁ። አርባ ዓመት የተረፍኩት በዚህ ነው።»

«እንግዲያው ይሞክሩት።»

እምቢ ማለት አሳፈራቸውና የመሪውን ዘንግ ያዙ። አውሮፕላኑ ተነሣ። ጽናት «አሁን ቀነስ ያድርጉት» ስትል ተራራው መጣባቸው፤ በሁለት እጃቸው ጎትተው ያዙት። መስኮቱን ሰማይ ሞላው። ቁጥሯ መቶ ሠላሳ ሆነች፤ መቶ አሥር ሆነች። ፍጥነቱ ማነሱን የሚናገረው ማስጠንቀቂያ ይጮህ ጀመር።

«ወደ ፊት ይግፉት አባባ! ይልቀቁት!»

ሰምተዋል፤ ጣታቸው ግን አልፈታም አለ። ሰማዩ ተጋደመ፣ መሬቱ ተገልብጦ መጣ፣ ከዚያ አውሮፕላኑ ተከስክሶ ሁሉም ቀጥ አለ።

«ስንት ሰው ነበረበት?» አሉ አቶ ቅጣው።

«ማንም የለም፤ ማስመሰያ ነው እኮ።»

«አንቺ ነበርሽበት።»

ጽናት ወደ አባቷ ዞራ መለሰች፤ «እኔም እፈራለሁ አባባ። ስፈራ የእኔም እጅ መሳብ ነው የሚያምረው። ትምህርቱ እጄ ሲደነግጥ ዓይኔ ቁጥሯን እንዳይለቅ ያስለምደኛል። ካልሄድኩ ይህን ከየት አገኛለሁ?»

«አስነሺው እስቲ እንደገና። ቁጥሯን እኔ አነብልሻለሁ።»

አነበቡ። መቶ ስልሳ። አፍንጫው ዝቅ ሲል ድምፃቸው ተቆረጠ፣ ግን ዓይናቸውን አልጨፈኑም። መቶ ሰማንያ። ሁለት መቶ። ተቀጥላው ገባ፣ ተራራው ከሥር ቀረ።

«በእውነተኛውም ሁለት ሆነን ነው» አለች ጽናት። «አንዱ ሲያበር ሌላው ቁጥሩን ይከታተላል።»

እነሆ፣ መማር ፈሪን ደፋር አያደርግም። የደነገጠን እጅ ግን ከጥፋት ይመልሳል፤ ከኋላ የተቀመጠውን መንገደኛም ከነሕይወቱ ቤቱ ያገባል። አቶ ቅጣው ይህን የተረዱት በሰው ስብከት አልነበረም፤ በገዛ ጣታቸው ነው።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ተነሥተው ጋቢያቸውን አጣፉና በሩ ላይ ቆሙ።

«ሰኞ መኪናው በስንት ሰዓት ነው?»

«ጠዋት በአሥራ ሁለት» አለች ጽናት።

«እኔ እሸኝሻለሁ። ፈርቻለሁ ልጄ፤ እንደፈራሁ እሸኝሻለሁ።»