ብርጭቆው ሳይሰበር

ቤተ ዘመድ፣ ጎረቤቶች፣ ሟችን በሥራም የምታውቁ ሁሉ፣ ፀሐዩን ታግሣችሁ ስለ ቆማችሁልን እናመሰግናለን። ይህን ዜና ሕይወት ጽፋ እንድታነብ በሽማግሌዎች የታዘዘችው የሟች የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከኋላ ያላችሁ ጠጋ እንድትሉላት ትለምናለች።

አጎቷ ከዛሬ ሰባ ስምንት ዓመት በፊት ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። ከእሳቸው በላይ አንዲት እኅት፣ ከእሳቸው በታች ደግሞ በወጣትነቱ የሞተ አንድ ወንድም ነበራቸው። ከአባታቸው እንጨት መላግንና መግጠምን፣ ከእናታቸው ያረጀውን ልብስ አዲስ ማስመሰልን ተማሩ፤ በኋላ እንጀራቸው የሆነው ግን የዚህ ግልባጭ፣ አዲሱን ያረጀ ማስመሰል ነበር።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ሲከታተሉ ለወላጆች ቀን በተዘጋጀ ትርኢት ላይ ግድግዳ ላይ በር እንዲሥሉ ታዘዙ፤ ርእሰ መምህሩም በዚያ በር ሊወጡ እጀታውን ሲጨብጡ ጣታቸውን ከግድግዳው ጋር አጋጩ። ለዚህ ጥፋት አጎቷ አንድ ሳምንት ሙሉ ክፍል እንዲጠርጉ ተፈረደባቸው። ተማሪው ሁሉ ሲንከተከት እሳቸው አለመሳቃቸውን፣ ይልቁንም ሰው ዐይኑን ምን ያህል እንደሚያምን አይተው መደንገጣቸውን ሲያወሩ ይኖሩ ነበር።

በሃያ ዓመታቸው በቲያትር ቤት ተቀጥረው አሥራ ስድስት ዓመት የመድረክ ዕቃ ሠሪ ሆነው አገለገሉ፤ ከዚያም አዘጋጅ ሆኑ። የስልክ ቤት ሠራተኛ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት ጣውላ ለማዘዝ ሲደውሉ ነው፤ ድምፃቸውን ለመስማት ሲሉ ያለ መጠን ደጋግመው በመደወላቸው የቲያትር ቤቱ መጋዘን ለሁለት ዓመት የሚበቃ ጣውላ ተከምሮበት እንደነበር የሥራ ባልደረቦቻቸው ያስታውሳሉ። ባለቤታቸው ከጋብቻው በኋላ ወደ መድረክ ወጥተው ስመ ጥር ተዋናይት ሆኑ። ልጅ አልወለዱም፤ ወንድማቸው ሲሞት ግን የሰባት ዓመት ልጁን ወስደው አሳደጉ፣ አስተማሩ፣ ለመምህርነትም አበቁ።

አዳራሹን ሲረከቡ በመጀመሪያ ያደረጉት ነገር ትልቁን ቀይ መጋረጃ ማውረድ ነበር። መጋረጃ ካለ ሰው ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ውሸት መሆኑን አስቀድሞ ያውቃል ባይ ነበሩ። ከዚያም የአዳራሹን መብራት ማጥፋት ተዉ፣ የማስጀመሪያውን ደወል አስቀሩ፣ የመድረኩን ወንበሮች ተመልካቹ ከሚቀመጥባቸው ጋር አንድ ዓይነት አደረጉ። ሰው ገብቶ ቦታውን ሲፈልግ መድረኩን የምትጠርግ ሴት ያይና የጽዳት ሠራተኛ ናት ብሎ ይተዋታል፤ ቆየት ብሎ መጥረጊያዋን አስደግፋ ስታለቅስ ነው ዋናዋ ተዋናይት መሆኗ የሚገባው። ከመድረኩ ጀርባ ሽንኩርት ያስጠብሱ ስለነበር ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ምራቁን ሲውጥ ይታይ ነበር። ዝናብ ሲያስፈልጋቸው በቆርቆሮ ላይ ሽምብራ ያንከባልላሉ፤ ከአዳራሹ ሲወጣ በጠራ ሰማይ ጃንጥላውን የሚዘረጋ አይታጣም ነበር። ሕዝቡም አቶ መጋረጃ አላቸው፤ በሌለ ነገር ስም ማውጣት ሰው ያውቅበታል።

ስማቸውን ከሁሉ በላይ ያስጠራው ግን በአርባ ሰባት ዓመታቸው ያዘጋጁት የመጨረሻ ቲያትራቸው ነው። በዚያ ቲያትር ባልና ሚስት ምሳ ቀርቦ ሲጨቃጨቁ ሚስት የውሃ ብርጭቆ እንደያዘች ትወድቃለች፤ ብርጭቆው ሲሰበር ከአራተኛው ረድፍ አንዲት ሴት ብድግ ብላ፣ «ኧረ ሰዎች፣ ይቺ ሴት እውነቷን ነው! ሐኪም የለም ወይ?» ትላለች፤ ከአሥረኛው ረድፍ ደግሞ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው እየሮጠ መድረኩ ላይ ይወጣል። የሰውየው ሥራ የቲያትር ቤቱ አናጢነት ነው፤ እስከ ዛሬም ዶክተር እያልን እንጠራቸዋለን፣ እነሆ ከመካከላችን ቆመዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንቡላንስ ለመጥራት የሮጡ ነበሩ፤ አንድ አዛውንትማ ኮታቸውን አውልቀው ሊያለብሷት መድረክ ላይ ወጥተዋል። ወሬው ሲዳረስ ግን ሰው ያችን ደቂቃ ለማየት ሁለቴና ሦስቴ ይመጣ ጀመር።

ከአራተኛው ረድፍ የምትነሣው የወንድማቸው ልጅ ነበረች። እንድትሠራው ሲጠይቋት፣ «ጋሼ፣ እኔ አልችልም፣ አፍራለሁ» ብትላቸው፣ «እሱን አይደል እንዴ የምፈልገው! አንቺን የመሰለች ዐይነ አፋር ስትጮህ ማን ይጠረጥራል?» አሉ። ባለቤታቸውም እየሳቁ፣ «ተይ እንጂ ጭምቴ፣ አንዴ ጮኸሽ ትገላገያለሽ» አሏት። ጭምቴ ከቤት ውጭ ማንም የማያውቀው ስሟ ነው። አጎቷ በልምምድ ጊዜ አንድ ሕግ ብቻ አስጠኗት፤ ብርጭቆው ሳይሰበር ማንም ንቅንቅ አይልም። አንዲት ቃል ቀድማ ከወጣች የሦስት ወር ድካም ገደል ገባ ማለት ነው።

እስካሁን የወንድማቸው ልጅ እያልሁ ያነበብሁላችሁ ስለ ራሴ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ማንበብ አልችልምና ይቅርታ አድርጉልኝ።

አርባ አንደኛው ትርኢት እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጋሼ ከመድረኩ ጀርባ ሆነው ሽምብራውን ያንከባልላሉ፤ ዝናቡ ሲበረታ እንኳን ከመድረኩ የሚባለውን፣ አጠገባቸው የሚናገረውንም አይሰሙም ነበር። የሚስትን ቦታ የሚጫወቱት ባለቤታቸው፣ የእኔ እትዬ፣ ገና ወንበራቸውን ሳይስቡ፣ ብርጭቆውንም ሳያነሡ፣ በግራ ጎናቸው ወደቁ። ሁልጊዜ የሚወድቁት በቀኝ ነበር፤ ጉልበታቸውን አስቀድመው፣ በዝግታ። የዚያን ቀን ጭንቅላታቸው ወለሉን ሲመታ ተሰማኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረው አዩኝና፣ «ጭምቴ» አሉ።

በጽሑፈ ተውኔቱ ውስጥ እንዲህ የሚል ቃል የለም። ተጠራጥሬ ነበር እንዳልል አልተጠራጠርሁም። እውነት መሆኑን በዚያችው ቅጽበት አውቄያለሁ፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ያወቅሁትም እኔ ብቻ ነበርሁ። ብርጭቆው ግን ጠረጴዛው ላይ በደኅና ቆሟል።

ለምን እንዳልተነሣሁ ሠላሳ አንድ ዓመት ራሴን ስጠይቅ ኖሬ ያገኘሁት መልስ ስነግራችሁ የምታፍሩበት ነው። አፈርሁ። በቃ ይኸው ነው። ያለ ቦታዬ ብነሣና ሰው ሁሉ ዞሮ ቢያየኝስ፣ ባበላሽስ፣ ጋሼ ቢቆጡኝስ ብዬ ቀሚሴን ጨብጬ ተቀመጥሁ። የባልየውን ቦታ የያዘው ተዋናይ ቃላቸው የጠፋባቸው መስሎት ከራሱ እያመጣ ክፍተቱን ይሞላ ጀመር፤ «ደግሞ አኩርፈሽ ወለል ላይ ተኛሽ? ምሳው እኮ ቀዘቀዘ!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። የግድግዳው ሰዓት ከፊቴ ነበርና አየሁት። ስድስት ደቂቃ ነው። በስድስተኛው ደቂቃ ተዋናዩ መላ ሲያጣ ምልክቱን ሊሰጠን ብርጭቆውን ራሱ ጣለው።

ያን ጊዜ ተነሣሁ። የተሰጠኝን ቃል አንዲት ሳላጎድል ተናገርሁ፤ ድምፄ እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም። ሕዝቡ አጨበጨበልኝ። ዶክተር ሮጠው ወጡ፣ የእትዬን እጅ ያዙ፣ ከዚያም እንደማይሆን ሆነው ጮኹ፤ ጭብጨባው ባሰ። በሰባተኛው ረድፍ የተቀመጡ እውነተኛ ሐኪም ነበሩ። ቲያትሩን ለሁለተኛ ጊዜ ማየታቸው ስለነበር እግራቸውን አጣምረው ያዩ ነበር። በኋላ ሲጠየቁ፣ እንደ ወደቁ ቢደረስላቸው ተስፋ እንደነበረ፣ እሳቸው መድረክ ላይ በወጡ ጊዜ ግን ሁሉም ነገር ማለፉን በትካዜ ተናግረዋል።

መርማሪዎች የማንም ጥፋት አይደለም ብለው መዝገቡን ዘጉ። ጋሼ ግን በቃላቸው ላይ፣ ሕዝቡ ዐይኑን እንዳያምን ያስተማሩት እሳቸው በመሆናቸው ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን አስጻፉ፤ ጋዜጣም አወጣው። ባለቤታቸውን በቀበሩ በሳምንቱ ቤት ውስጥ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ጠየቁኝ። «ከአራተኛው ረድፍ እንዴት ይታይ ነበር? አላወቅሽም?» አሉኝ። «አላወቅሁም ጋሼ። ቲያትር መስሎኝ ነበር» አልኋቸው። «አንቺም? ውስጡን የምታውቂው?» አሉ። «እንግዲያው እንከን አልነበረውም ማለት ነው» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ራሴን ለማዳን የተናገርሁት ያ ውሸት ቀሪውን ሸክም ሁሉ በእሳቸው ጫንቃ ላይ እንደጫነው የገባኝ ሲያዞሩ ነው፤ ገብቶኝም አላነሣሁላቸውም።

ከዚያ በኋላ የቲያትር ቤት ደጃፍ አልረገጡም። የበርና የመስኮት መሥሪያ ከፍተው በአናጢነት ኖሩ። ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያሳምኑ የኖሩት ሰው የሚያምናቸው ያጡ ስለመሰላቸው ከእያንዳንዱ ንግግራቸው ኋላ «እውነቴን ነው» ማለት ልማድ ሆነባቸው። በር ሲያስረክቡ፣ «እንጨቱ ደረቅ ነው፣ እውነቴን ነው» ይላሉ፤ ሻይ ሲያዙ፣ «ስኳር ይቅርብኝ፣ እውነቴን ነው» ይላሉ። አቶ መጋረጃ የነበሩት አቶ እውነቴን ተባሉ። ሻይ ቤት ሲገቡ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ፣ «ልጣለው እንዴ፣ አቶ እውነቴን?» የሚላቸው ቀልደኛ ነበረ፤ ሚስቱን በቲያትር የገደለ እያሉ በሹክሹክታ የሚያሙም ነበሩ። አንድም ቀን አልመለሱላቸውም፤ ሻያቸውን ጠጥተው ይወጡ ነበር። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ የራሴን እጠጣ ነበር።

ባለፈው ዓመት የዕድሜ ልክ የእንጨት ብናኝና የቀለም ሽታ ሳንባቸውን ጎድቶት ታመሙ። ሐኪም ቤት ስምንት ወር ተመላለሱ፤ በመጨረሻም በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ ተኙ። ውሃ ሲጠማቸው እንኳ ነርሷን፣ «ጠምቶኛል፣ እውነቴን ነው» ይሏት ነበር። ባለፈው ሳምንት ሰው ሁሉ ወጥቶ ሁለታችን ስንቀር እጄን ይዘው ያንኑ ጥያቄ ደገሙልኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የተለማመድሁት መልስ አፌ ላይ ነበር። ዐይናቸውን አየሁት፤ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ እውነቱን ለይቶ እንደነበር መስማት። «አላወቅሁም ጋሼ» አልሁ። «ይሁን» አሉ። ከትናንት በስቲያ ረፋድ ላይ አረፉ።

እዚህ ከቆማችሁት ብዙዎቻችሁ በዚያ አዳራሽ ነበራችሁ፤ ያጨበጨባችሁም አላችሁ፤ እናንተ አታውቁም ነበርና ጥፋት የለባችሁም። እሳቸውም ሰው እውነትን እንዳይለይ አላደረጉም። የለየ ሰው ነበረ፤ ለይቶ ተቀመጠ። ከዛሬ ጀምሮ ያንን የግድያ ስም ከስማቸው ላይ አንሡላቸው፤ የስሙ ባለቤት እኔ ነኝ። ይህም ራሱ የአዘገጃጀታቸው አካል ነው፣ አስቀድመው ጽፈው የሰጧት ቃል ነው ብላችሁ የምትጠረጥሩ ብትኖሩ አልፈርድባችሁም። ማስረጃ የለኝም። ሊመሰክሩልኝ የሚችሉት ሁለቱም ሞተዋል። ሽማግሌዎቹም ይህን ወረቀት ቀድሜ ስላላሳየኋቸው ይቅር ይበሉኝ።

ሟች አንዲት ታላቅ እኅት፣ የዕድሜ ልክ ወዳጃቸው የሆኑትን ዶክተርን፣ እንዲሁም በመሥሪያቸው የነበሩ ሦስት አናጢዎችን ትተው አልፈዋል። ሽማግሌዎቹ በሰጡኝ ዝርዝር ላይ ከሁሉ በፊት የሠፈረው «እንደ ልጅ ያሳደጓት የወንድማቸው ልጅ» የሚል ነው። ልሰርዘው ብዕር አንሥቼ ነበር፤ ቃሉ ግን እሳቸው በሕይወት ሳሉ ራሳቸው ያስጻፉት መሆኑ ስለተነገረኝ እንዳለ አነበብሁት።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከዚህ ሁሉ ድካም ያሳርፍልን፤ በሄዱበትም የሚያምናቸው አያሳጣቸው፤ ከባለቤታቸውም ጋር ያገናኛቸው። ያን ጊዜ እትዬ በዚያ ቀን የጠሩት ማንን እንደነበር ይነግሯቸዋል። እኔ ልነግራቸው ሠላሳ አንድ ዓመት ነበረኝ።