ምድጃ ዳር የሚያድረው ባትሪ

ክብርት የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ዶክተር ናርማንዳህ፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ቡዙ የመጣችሁ ጎረቤቶቼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ድግስ ለደገሳችሁልኝ እጆች ሁሉ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ለቡዙ ሊጡን ስትዳምጡ፣ ሥጋውን ስትከትፉና በእንፋሎት ስታበስሉ በመስኮት ሳይ ነበር። የዛሬ አርባ ዓመት ስመጣ ሻይ የቀዳልኝ አልነበረም፤ በጡረታ ስሄድ በግ ታረደልኝ። ይህን ባውቅ ኖሮ በየዓመቱ እሰናበታችሁ ነበር።

ንግግሬ አጭር እንዲሆን ታዝዣለሁ። ያዘዙኝ ኃላፊያችን አይደሉም፤ ባለቤቴ ዱላምጃቭ ናት። "አንተ ሰውዬ፣ ስለ ዕድሜህ አታውራ፣ ስለ መንገዱ አታውራ፣ ስለ እኔ ደግሞ ጭራሽ እንዳታነሳ" ብላኛለች። ታዲያ ለአንድ ሹፌር ምን ወሬ ቀረለት? ባትሪው ቀረለት።

አዎ፣ እዚያ በክብር ቦታው፣ ከዶክተር ጎን፣ ሰማያዊ ሐር ተከናንቦ የተቀመጠው እሱ ነው። ከገባችሁ ጀምሮ በዓይናችሁ ስትጠይቁኝ ነበር። ኬክ መስሎት ቢላ ያቀረበም አይቻለሁ። ኬክ አይደለም፤ የአሮጌዋ ሩሲያዊት አምቡላንሳችን ባትሪ ነው። ክብር ቦታ ላይ ያስቀመጥኩት ከእናንተ ከብዙዎቻችሁ ይልቅ ሥራ ላይ ስለማውቀው ነው።

ደግሞ አሁን በሆዳችሁ "ሽማግሌው ራሱን ከባትሪው ጋር ሊያመሳስል ነው፣ ሊያስለቅሰን ነው" እያላችሁ ነው። አላመሳስልም። ባትሪው ምድጃ ዳር ካደረ ጠዋት ይነሳል። እኔን ምድጃ ዳር ብታሳድሩኝ የሚቀሰቅሰኝ የለም።

ባትሪ ከእኔ ቤት ማደር የጀመረበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ብርዱ ሲከር ባትሪ እንዳረጀበት ሹፌር ሁሉ ከመኪናው እነቅለውና አቅፌ ወደ ድንኳናችን አስገባዋለሁ። የመጀመሪያው ምሽት ዱላምጃቭ በር ላይ ቆማ አየችኝ፤ "ካገባሁህ ጀምሮ እኔን እንዲህ አቅፈኸኝ አታውቅም" አለች። እውነቷን ነው። እሷ ግን ሳላቅፋትም ጠዋት ትነሳለች።

ስድስት ዓመት፣ ስድስት ብርድ እንዲህ አለፈ። ለልጃችን ሠርግ የገዛነውን ምንጣፍ አሲዱ በላው፤ ቀዳዳው ዛሬም ከሣጥን ሥር ተደብቆ አለ። ብርዱ የባሰ ዕለት ደግሞ አሮጌ ካባዬን እደርብለታለሁ። አንድ ጊዜ የሩቅ ዘመድ መጥቶ በጭላንጭሉ አየውና ሕፃን መሰለው።

"ስሙ ማነው?" አለ።

"ገና አልወጣለትም" አለች ዱላምጃቭ። "አባቱ ግን ይኸው ነው፤ ከእኔ እንዳይመስልህ።"

ስለ እሷ አታውራ ተብዬ ነበር። ይቅርታ፣ የኔ ዓለም። ወደ ባትሪው ልመለስ።

ባትሪ ሲያረጅ አይዋሽም፤ ሰው ብቻ ነው የሚዋሸው። ቁልፉን ስትጠመዝዙት ወዲያው አይመልስም፣ መጀመሪያ ያስባል። መብራቱ ፊት ለፊት ያለን ግመል ከማሳየት ይልቅ ግመሉ ላይ ያሾፋል። ጡሩምባው ጉንፋን የያዘው ፍየል ይሆናል። ጎኑ እንደ ጠገበ ሰው ሆድ ያብጣል፤ ብረቱ ጫፍ ላይ ነጭ ዱቄት ያበቅላል። በሞቃቱ ወራት ግን ይህን ሁሉ ልብ የሚልለት የለም፤ ጎበዝ ይመስላል። የመጀመሪያው ውርጭ ሲወርድ ነው ጉዱ የሚወጣው። እኔ በበኩሌ ከውርጩ በፊት መቀየር አለበት ባይ ነኝ። ከእኔ የተለየ ሐሳብ ያለው ደግሞ እዚያ ጥግ፣ ሦስተኛውን ሳህን ቡዝ የያዘው፣ ሒሳብ ሹማችን ሶድኖም ነው።

ሶድኖም፣ ዛሬ በሰው ፊት "እርስዎ" ልልህ አስቤ ነበር። ግን ምጥ የያዛትን እናትህን እዚህ ያደረስኳት እኔ ነኝ፤ መንገዱን ሁሉ በሆዷ ውስጥ ሆነህ ስትራገጥ ነበር። "አንተ" ይቀለኛል።

ከሶድኖም ጋር በየዓመቱ ውርጩ ሲቃረብ አንድ ጨዋታ ነበረን።

"ሶድኖም፣ ባትሪው አርጅቷል።"

"ዛሬ መኪናዋ ተነሳች?"

"ተነሳች።"

"እንግዲያው አላረጀም፣ አባባ።"

"መቼ ነው የሚያረጀው?"

"ሳይነሳ የቀረ ቀን።"

"ያን ቀን እኔ የት ነው የምገኘው?"

"እርስዎማ ድንጋይ ያስነሳሉ።"

ይህ ልጅ ሙገሳ እንደሚጥለኝ ያውቃል። እየተጎማለልኩ እወጣና በሩ ሲዘጋ ባትሪ እንዳልተገዛ ትዝ ይለኛል።

እንዳትፈርዱበት ደግሞ። ክፉ ሰው አይደለም። አምና ባትሪ ከሚገዛ የክትባት ማቀዝቀዣውን አሠራ፤ ልክ ነበር። ካቻምና የማዋለጃ ክፍሉን ጣሪያ አስደፈነ፤ ልክ ነበር። የሶድኖም ችግሩ ሁልጊዜ ልክ መሆኑ ነው። ዶክተር፣ አይሳቁ፤ እርስዎም ፈርመዋል።

አምና ታዲያ ባትሪው ሳይነሳ የሚቀርበት ቀን መጣ። ጸቬን የሚባለው ግመል አርቢ፣ ከተራራው ማዶ፣ ልጁ ሆዷን ይዛ ስትንፈራገጥ አስጠራን። አዋላጃችንና እኔ ሄድን። ሞተሩን ሳላጠፋ ቆሜ ነበር፤ ነዳጁ ማለቅ ሲጀምር አጠፋሁት። ልጅቷን ጠቅልለን ስንጭናት መኪናዋ ዝም። በእጅ የሚሽከረከረው ማስነሻ ብረት ከተጣመመ ዘመን ሆኖታል። ጸቬን ልጁን አየ፣ እኔን አየ፣ ሄዶ ሁለት ግመሎች አመጣ።

ግመል መኪና ሲጎትት አይታችኋል? ቀስ ብሎ፣ ዙሪያውን እየተመለከተ፣ የተሰደበ ባለሥልጣን መስሎ ነው የሚጎትት። ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ሞተሩ አንዴ ሳለና ተነሳ። የአውራጃው ሐኪም ቤት ደረስን። ልጅቷ ትርፍ አንጀቷ ነበር፤ ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው ወጣላት። ዛሬ እዚህ ግቢ ውስጥ የማንን ፈረስ እንደምትጋልብ አላውቅም፣ የእኔ ግን አይደለም።

ስመለስ ለሶድኖም ነገርኩት። ምን አለኝ?

"ታዲያ ተነሳች አይደል?"

ሶድኖም፣ ዝም ብለህ ብላ። ገና አልጨረስኩም።

እኔ ስሄድ ቁልፉን የምትረከበው ሳራንጎ ናት። ሳራንጎ፣ ተነሺና ይዩሽ። መንዳቷን አትጠራጠሩ፤ አሸዋ ውስጥ ሰምጬ ሁለት ጊዜ አውጥታኛለች፣ አንዴም ለማንም አልተናገረችም። የምትኖረው በሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ፣ በአንዲት ክፍል፣ ጡት ከሚጠባ ልጇ ጋር ነው። ባሏ ማዕድን ማውጫው ላይ ነው። ባለፈው ቁልፉን ላሳያት ስቀመጥ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

"አባባ፣ ይህን ባትሪ በየማታው ሦስተኛ ፎቅ ማውጣት አለብኝ?"

"እንግዲህ ውጪ ካደረ አይነሳም።"

"ማውጣቱን አወጣዋለሁ። ግን ጎጂ ጋዝ ይተነፍሳል ይባላል፤ ሕፃኑ እዚያው ክፍል ነው የሚተኛው።"

"ይተነፍሳል። ሕፃን ባለበት አይደርም።"

"እንግዲያው ጠዋት መኪናዋ እምቢ ስትል ሥራውን ለሌላ ይሰጡብኛል?"

እኔ ወሬኛ ሽማግሌ ነኝ፤ ለሁሉ ነገር መልስ አለኝ። ታዲያ ልጇን ወይ እንጀራዋን ምረጪ ልበላት? ደግሞ ከተራራው ማዶ ሆዱን ይዞ የሚጠብቃት ሰውስ? ሁሉም ሰው ግመል የለውም።

ውጪውን ተመልከቱ። ትናንት ተራራው ጫፉን ነጭ አድርጓል።

ስለዚህ አሰብኩ። መሰናበቻ ስጦታ ትሰጡኝ ዘንድ መዋጮ መሰብሰባችሁን አውቃለሁ፤ ከጀርባችሁ የደበቃችሁት ቦት ጫማ እንደሆነም አውቃለሁ፤ ቁጥሩን ዱላምጃቭ ናት የነገረቻችሁ። ግን እኔም ስጦታ አለኝ። ሽማግሌ ሐር ላይ አድርጎ በሁለት እጁ የዘረጋውን እምቢ ያለ ሰው በዚህ ወረዳ አልሰማሁም። ካለም ዘመዶቹ ስሙን አይጠሩትም።

ሶድኖም፣ ሳህኑን አስቀምጥ። እጅጌህን ወደ ታች ሳብ፣ ኮፍያህን አድርግ፣ በወጉ ተቀበለኝ።

ባትሪው የጤና ጣቢያው ነው፤ ያንን አልሰጥህም። የምሰጥህ ማደሪያውን ነው። ጥሩ ምድጃ አለህ፣ ኩበትህ እስከ ጸደይ የሚበቃ ነው፣ ልጆችህ ለትምህርት ከቤት ወጥተዋል። ሳራንጎ ማታ ማታ ነቅላ በርህ ላይ ታደርስልሃለች፤ ጎህ ሲቀድ መጥታ ታንኳኳለች። ተነስተህ ታቀብላታለህ። ይኸው፣ በሁለት እጅህ። ወገብህን ጠበቅ አድርግ።

ከበደህ? እኔን ስድስት ብርድ ቀሎኝ ነበር።

ምን አለች ባለቤትህ? ጮክ በይ እንጂ፣ የኔ ልጅ። "ባለፈው የገዛሁት ምንጣፍ ላይማ አይቀመጥም" ነው ያልሽው? ዱላምጃቭም ያኔ ምንጣፉ ሲገዛ ቃል በቃል ይህንኑ ብላኝ ነበር። ነገ ወደ እሷ ነይ፣ ቀዳዳውን ታሳይሻለች።

ምን አልክ፣ ሶድኖም? ሁሉም ይስማ።

"አባባ፣ እስከ መቼ?"

ሰማችሁ? እስከ መቼ አለ። ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን ጥያቄ ሰው እስኪጠይቀኝ ስድስት ብርድ ጠብቄያለሁ። ባትሪ መቼ እንደሚቀየር ምድጃ ዳር ተኝቶ የሚሰማው ሰው ያውቀዋል። ያ ሰው እስከ ትናንት እኔ ነበርኩ። ከዛሬ ጀምሮ አንተ ነህ፤ እኔን አትጠይቀኝ።

እሺ ሶድኖም፣ አንተና ዶክተር ተንሾካሾኩ፣ እንጠብቃችኋለን። እናንተ ደግሞ ወተት ሻዩን አዟዙሩ።

ሰኞ? መኪና ወደ አውራጃው ከተማ ሰኞ ይሄዳል፤ አዲሱን ባትሪ ይዞ ይመለሳል፤ ዶክተርም ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ ሁሉ ሕዝብ አይቷል። ሳራንጎ፣ ተቀመጪ፤ አታልቅሺ፣ ቡዙ ይቀዘቅዛል። እስከ ሰኞ ግን ሶድኖም፣ እንግዳህ ነው። እሳቱ እንዲያየው እንጂ እንዲልሰው አታድርግ። ሳንቃ ላይ እንጂ ምንጣፍ ላይ አታስቀምጠው። ፒፓህን ራቅ ብለህ አጭስ። ማታ ደግሞ ብርድ ብርድ ካለው ካባ ደርብለት፤ ማንም ስሙን ቢጠይቅህ አባቱ እኔ ነኝ በል።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። በሄድኩበት መንገድ ሁሉ ዱላምጃቭ ከኋላዬ ቆማ በሰላም እንድመለስ ከጎማው በስተኋላ በማንኪያ ወተት ስትረጭ ኖራለች። አርባ ዓመት በመስታወቱ ውስጥ ማንኪያዋን እያየሁ ነው የሄድኩት። የተመለስኩት በባትሪው እንዳይመስላችሁ።

መንገዳችሁ እንደዚያ ወተት ነጭ ይሁን። ውርጩ ሲወርድ ከብታችሁ ይትረፍ፣ ሲቀልጥ ግልገሉ ይብዛ። የታመመውን ቀድማችሁ ድረሱለት፤ ያልታመመው ደግሞ በሰላም እንጂ በቃሬዛ አይምጣባችሁ። ሳራንጎ፣ ቁልፉን ባዞርሽ ቁጥር ሳያስብ ይመልስልሽ። ልጅሽ አድጎ መሪ ይጨብጥ። ከኋላችሁ ወተት የሚረጭላችሁ ሰው አትጡ።

አሁን እንብላ። ሶድኖም ግን ሁለት እጁ ተይዟልና አንዳችሁ አጉርሱት።