ሳይሞላ የሚነሳ

በሱዳኗ ገዳሪፍ ኸሪፍ የሚሉት የክረምት ዝናብ ሰላምታ አያውቅም። ሐጂ ያሕያ ከመስጊድ ወጥተው ወደ ሰሊጥ መደብራቸው ሲያዘግሙ መሐል መንገድ ላይ ያዛቸው። የአገሩ ጥቁር አፈር አንዴ ከራሰ የሰው ጫማ ጎትቶ የሚያስቀር ነው። ስለዚህ በአንድ እጃቸው ጫማቸውን፣ በሌላው የጀለቢያቸውን ጫፍ አንጠልጥለው፣ ለዕድሜያቸውም ለሐጅነታቸውም በማይስማማ ሩጫ መጀመሪያ ካገኙት በረንዳ ሥር ገቡ። ፊታቸውን ጠርገው ቀና ሲሉ ከበሩ በላይ ነጭ ደመና የተሳለበት ሰማያዊ ሰሌዳ አዩ፤ «ሰሓብ አየር መንገድ» ይላል።

ቀድመው ቢያውቁ ዝናቡን ይመርጡ ነበር። ይህ ቢሮ ከተከፈተ ወዲህ በፊቱ የሚያልፉት ወደ ማዶ እያዩ ነው። መስኮቱ ላይ «ካርቱም – አዲስ አበባ» የሚል ተለጥፎበታል፤ ሰው ደግሞ በእሳቸው ዕድሜ ዓይኑን የሚያሳርፍበትን ቦታ መምረጥ አለበት።

«ዓሚ ያሕያ! ተፈደሉ፣ ይግቡ እንጂ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። የጎረቤታቸው የሙዳሲር ልጅ ሂያም ናት። ገዳሪፍ ተወልዳ፣ ካርቱም ተምራ፣ አሁን የዚህ ቢሮ ትኬት ሻጭ ሆናለች። «ዓሚ» ማለቷ እንደ አገሩ ልጆች «አጎቴ» ማለቷ ነው።

«እዚሁ ይሻለኛል ልጄ። ከገባሁ ትኬት ግዙ ትይኛለሽ።»

«ዝናቡ አመጣዎት እንጂ እኔ መቼ ጠራሁዎት? ለመቀመጥ አናስከፍልም።»

«ለውሃ ግን ታስከፍላላችሁ ይባላል።»

«እሱ በሰማይ ላይ ነው፤» አለች እየሳቀች፤ «በምድር ሻይ በነፃ ነው።»

ሻይ ሲባል ሐጂ ያሕያ ገቡ። ሻይ ያመጣውን ሰበብ ማንም አይጠይቅም። ጥጉ ላይ የቆመውን ሚዛን አይተው ሳቅ አሉ።

«እናንተም ሰሊጥ ጀመራችሁ?»

«የሻንጣ ሚዛን ነው። ከአሥር ኪሎ በላይ የያዘ ለትርፉ ይከፍላል።»

«እንግዳ ተቀብላችሁ፣ ውሃ ከልክላችሁ፣ ዕቃውን መዝናችሁ ትሸኛላችሁ? ሐጅ በሄድኩ ጊዜ መርከቡ ላይ አንዱ ሐጂ አልጋውን ይዞ ተሳፍሮ ነበር፤ ማንም ምን ያዝክ አላለው።»

«መርከቡ ጅዳ ለመድረስ ስንት ጊዜ ፈጀ?»

«ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤» አሉ ሐጂ ያሕያ፣ ሻያቸውን እያማሰሉ። «ሌላም የሰማሁት አለ። ቀድሞ የገዛ በርካሽ፣ የዘገየ በውድ ትሸጣላችሁ አሉ። ምን ዓይነት ንግድ ነው? በእኛ ገበያ ቲማቲም በጠዋት ውድ ነው፤ ወደ ማታ የመጣ ነው በርካሽ ጠራርጎ የሚወስደው።»

«እኛ ዘንድ ቀድሞ የቆረጠ ሰው ይከበራል፤ የዘገየ በውድ ይከፍላል።»

ሐጂ ያሕያ ይህን ሰምተው ሻያቸውን ማማሰል አቆሙ። ለምን እንዳቆሙ አንባቢ እንዲያውቅ፣ ዝናቡ እስኪያባራ እኛም ወደ ኋላ መለስ እንበል።

ሐጂ ያሕያ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በፊት የሐርቡ ልጅ ነበሩ፤ ወሎ ውስጥ፣ ከኮምቦልቻ ዝቅ ብላ ያለችው ሐርቡ። ድርቁ ሲያስወጣቸው ታላቅ እህታቸው ራሒማ በቤት የቀረውን ሽምብራ ቆልታ፣ በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ሰጠቻቸው። እሷ ምን በልታ እንዳደረች እስከ ዛሬ አልጠየቋትም። ያን ቀን ግን «ባዶ እጄን አልመለስም» ብለው ማሉ። ገዳሪፍ ደርሰው፣ በሰው እርሻ አጭደው፣ ሰሊጥ ተሸክመው፣ በኋላም ሰሊጥ ሻጭ ሆነው፣ አንድ ትልቅ የብረት ሳጥን ገዙ። ለራሒማ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ቶብ፣ ለወንድማቸው ለሁዜይፋ ነጭ ጀለቢያ፣ ለአክስታቸው ሽቶ፣ ለአብሮ አደጋቸው ለባዬ ወፍራም የሱፍ ኮት፣ ለጎረቤት ሁሉ የሻይ ብርጭቆ እየገዙ ይጨምሩበት ጀመር።

በእኛ ሰፈር፣ በገዳሪፍ ሐበሾች ዘንድ፣ እንዲህ ያለ ሳጥን የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። የወጣ ሰው ሲመለስ የሚያየው ሁሉ እጁን ያያል ብለን እናምናለን። የአንዱ ስጦታ ከተረሳ ደግሞ ያልተረሱት ሁሉ ዋጋ የላቸውም። ስለዚህ ሳጥኑ ይሞላል፤ ሲሞላ አዲስ ልጅ ተወለደ ይባላል፤ እንደገና ይጎድላል። የሐጂ ያሕያ ፓስፖርት እንኳ እዚያው ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ጊዜው ያልፋል፣ ይታደሳል፣ ያልፋል። በዚያ ላይ ሰሊጥ በሚሰበሰብበት ወራት ከመደብሩ መላቀቅ የለም፤ ሥራ በሚቀዘቅዝበት በኸሪፍ ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር የሚወስደው የጋላባት መንገድ ጭቃ ሆኖ ሎሪ ይውጣል። ራሒማ በየዒዱ በስልክ «መቼ ነው?» ትላለች። እሳቸው «ለመጪው፣ ኢንሻአላህ» ይላሉ። የራሒማ ዓይን ሞራ ከለበሰው ቆይቷል።

ወደ ሻዩ እንመለስ።

«ቱርካን ያውቁታል አይደል? የሰሓብን ባለቤት?» አለች ሂያም።

«ቱርካን? የሎሪ ጌታ የነበረውን? ሰሊጤን ወደ ፖርት ሱዳን ያመላልስልኝ ነበር። ሎሪው ዳገት ሲያይ እንደ አሮጊት ያቃስት ነበር።»

«ሲጀምር አውሮፕላኑም ያው ነበር። ሌላ ኩባንያ የጣለው አንድ አሮጌ ባለ ፕሮፔለር ገዝቶ ከካርቱም ወደ ከሰላ ከተማ ማብረር ጀመረ። ግን ሎሪ እንደለመደው ነዋ! ወንበሩ እስኪሞላ ይጠብቃል። ሰዉ ከሰላ ላይ በዚያ ሐሩር ተቀምጦ ያልባል፤ አንድ ወንበር ሞላ ሲባል አንዱ ተናዶ ይወርዳል።»

ሐጂ ያሕያ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሳይሞላማ እንዴት ይነሳል? ያከስራል።»

«እሱም ያለው ይህንኑ ነው። ግን አውሮፕላን የሚያከስረው ባዶ ሲበር ሳይሆን ሲቆም ነው፤ ቆሞም ይበላል። ሊዘጋው ሲል አንድ የበረራ ሰው መከረው። ምግቡን ተው፣ ጋዜጣውን ተው፣ ከባድ ዕቃውን ተው፣ ዋጋውን ቀንስ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሰዓቱ ተነስ አለው። በመጀመሪያው ቀን በሰዓቱ ሲነሳ ተሳፋሪው ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? ሦስት። አንዷ አማቱ ነበሩ።»

«በነፃ ይሆናል የጫናቸው።»

«ለሻንጣቸው አስከፍሏቸዋል ይባላል፤ እስከ ዛሬ አያናግሩትም። ከተማው ሳቀበት። ግን ሰው በሰዓቱ መነሳቱን ሲያይ አመነ። ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለስ ነጋዴ መጣ፤ አውቶቡስ የማይችል በሽተኛ መጣ፤ ተማሪ መጣ። ሁለተኛ አውሮፕላን ተገዛ፣ ከዚያ ፖርት ሱዳን፣ ከዚያ ጁባ፣ ዘንድሮ አዲስ አበባ። ቀድሞ በሰማይ የሚያልፍ ጠይያራን ቀና ብሎ ብቻ ያይ የነበረ ሰው ነው ዛሬ የሚሳፈርበት። ሌላ ምስጢር የለውም ዓሚ፤ ቀሎ፣ ሳይሞላ ተነሳ።»

«ጥሩ ተረት ነው።»

«እርስዎ ግን እስከ ዛሬ የሎሪ ሰው ነዎት፤» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሳይሞሉ አይነሱም።»

ሐጂ ያሕያ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«አንቺ እዚህ ተወልደሽ ምን ታውቂያለሽ? ሰው በዚህ ሁሉ ዘመን አሥር ኪሎ አንጠልጥሎ ወደ እህቱ ይገባል? ሐርቡ ምን ይለኛል? ሱዳን ምን ስትሠራ ነበር አይለኝም?»

«ማሌሽ፣ ላስከፋዎት አልነበረም። ግን ሐርቡን ነው የሚፈልጉት ወይስ ራሒማን?»

«ሁለቱ አይለያዩም!» ብለው ተነሱ። ዝናቡ አላባራም ነበር፤ ጫማቸውን አንጠልጥለው ወጡበት።

ቤታቸው ሲደርሱ ባለቤታቸው ዋፋ ፎጣ ይዛ ተቀበለቻቸው። እሳቸው ግን እንደበሰበሱ ወደ ሳጥኑ ሄዱ።

«ምነው ሐጂ? ወደ ሁለተኛዋ ሚስትዎ ሰተት አሉ!» አለች ዋፋ። ሳጥኑን እንዲያ ነው የምትጠራው።

«ሚዛኑን አምጪልኝ። የሙዳሲር ልጅ አሥር ኪሎ ብላ አፌዘችብኝ። የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ መዝኜ፣ ስንት እንደሚሆን አሳያታለሁ!»

ዋፋ የሰሊጡን ተንጠልጣይ ሚዛን አመጣች። ሐጂ ያሕያ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ዕቃውን አንድ በአንድ እያወጡ በስም መለየት ጀመሩ። ጀለቢያው ወጣ። «የሁዜይፋ» አሉና እጃቸው ባለበት ቀረ። ሁዜይፋ ከሞተ ብዙ ኸሪፍ አልፏል። ጀለቢያውን በግራቸው አኖሩት። ሽቶው የአክስታቸው ነበር፤ ተንኖ ጠርሙሱ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ወደ ግራ። የዚያ ጎረቤት መስገጃ፣ የዚህ ጎረቤት ሻሽ፣ ወደ ግራ። ሞታቸውን አንድ በአንድ ሰምተዋል፤ ለቅሶ ተቀምጠዋል፤ ከሳጥኑ ግን አንዳቸውንም አላስወጡም ነበር። የባዬ ኮት ሲወጣ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቆዩ፤ ወደ ግራ አላኖሩትም። ባዬም ከሞቱት አንዱ ነው፤ ቁርጥማት ነበረበት፤ ብርድ ይጠላ ነበር።

ዋፋ መቀለዷን ትታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

በስተግራ የተቆለለው ጉልበት ደረሰ። በቀኝ ያለው የራሒማ ቶብና ለልጆቿ የተገዛው ጥቂት ነገር ነው። ሐጂ ያሕያ እሱን በጨርቅ ቋጥረው ሚዛኑ ላይ ሰቀሉት። መርፌው አሥር አልደረሰም። ሚዛኑ ተሳስቶ ይሆናል ብለው አወረዱት፤ እንደገና ሰቀሉት። አልደረሰም።

«ዋፋ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ ሳጥን የምሞላ መስሎኝ ነበር።»

እሷም ፎጣውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው።

በማግሥቱ ሐጂ ያሕያ ወደ ማዶ ሳያዩ በቀጥታ ወደ ሰማያዊው ሰሌዳ ገቡ።

«የዘገየ በውድ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ ዓሚ።»

«ወላሂ እውነትሽን ነው። በጣም ዘግይቻለሁ፤ ቁረጪልኝ።» ቀጥለውም፣ «ሰው የለበሰውን ትመዝናላችሁ?»

«የለበሱትንማ አንመዝንም።»

«ደግ።»

ሂያም ወዲያው ሐርቡ ደወለችላቸው። የራሒማ ልጅ አማል አንስታ ለእናቷ አቀበለች።

«ራሒማ፣ እመጣለሁ። ግን እጄ ባዶ ነው፤ እንዳታፍሪብኝ።»

ከወዲያ የእህታቸው ቁጣ፣ ሂያም ድረስ የሚሰማው፣ ፈነዳ፦ «ለዕቃ ነው እንዴ የቀረኸው? አንተ ልጅ! እኔ ታሟል፣ መንገድ ተዘግቷል፣ ሥራ በዝቶበታል እያልኩ ለጎረቤት የምነግረው ውሸት ካለቀብኝ ስንት ዘመኔ! ና! የምዋሽበት አፍ የለኝም!»

«አንተ ልጅ» የተባሉት ሐጂ፣ ጢማቸው የነጣ፣ ስልኩን ይዘው እንደ ልጅ አለቀሱ።

በካርቱም ሐሩር፣ ሰው ሁሉ በስስ ጀለቢያ እያላበ፣ ወፍራም የሱፍ ኮት የለበሱ ሽማግሌ ወደ አውሮፕላን ሲገቡ ሠራተኞቹ ተያዩ። ሐጂ ያሕያ ቀበቶው ከታሰረላቸው በኋላ ዙሪያቸውን አዩ፤ አጠገባቸው ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። «ሌላ ሰው አንጠብቅም?» ብለው ጠየቁ። አስተናጋጇ «ሰዓቱ ደርሷል፣ አባቴ» አለቻቸው። ተነሳ፤ ሳይሞላ።

ሐርቡ ወር ቆይተው ሲመለሱ፣ የሰሓብ በረንዳ የእሳቸው ወንበር ሆነ። ዝናብ ያስጠለለውን የሰፈራችንን ሰው ሁሉ ይይዛሉ፤ የትላንቱ ተጠራጣሪ የዛሬው ሰባኪ ሆኖ ሂያምን ሥራ አስፈታት ማለት ይቻላል።

«ስሙኝ፣» ይላሉ፤ «ሰሊጥ ሎሪ ይጠብቃል፤ ሰው ግን ሰውን ሳጥን እስኪሞላ አይጠብቅም። የምትሰጡትን ዕቃ ለብቻው ቀድማችሁ በሰው ላኩት፤ ወይም ተዉት። በወጣት ጉልበታችሁ ሂዱ፤ የእናንተን ድምፅ የሚያውቅ ጆሮ ሳለ ሂዱ። በዓመት አንዴ ቀሎ የሄደ፣ በዕድሜው አንዴ ተጭኖ ከሚሄደው ይልቅ ዘመዱን ያውቃል፤ ልጆቹም ይከተሉታል። ራሒማ ቶቡን ዳሰሰችና አስቀመጠችው፤ የእኔን እጅ ግን እስከ ማታ አልለቀቀችውም። ሐርቡም ምን ይዘህ መጣህ አላለኝም፤ የሚጠይቁኝ ሰዎች እዚያ የሉም። የቀሩት አያውቁኝም።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ይወርዳል፤ የሰማውም ሁሉ ወደ ጭቃው ያያል። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ብዙ ሳጥኖች ተከፍተዋል፤ ባዶአቸውን ለእህል ማስቀመጫ ሆነዋል። በዚያ ኸሪፍ ከበረንዳው በቀጥታ ወደ ውስጥ ገብተው ትኬት የቆረጡትን የምታውቅ ሂያም ናት።

አንድ ቀን፣ ዝናቡም አባርቶ፣ ሰውም ተበትኖ፣ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ጠየቀቻቸው።

«ኮቱስ፣ ዓሚ?»

«ለባዬ ልጅ ሰጠሁት።» ሐጂ ያሕያ የሻይ ብርጭቋቸውን አዙረው አዙረው አዩት። «ሰፋው።»

ብርጭቆውን አስቀመጡና፣

«ለባዬ ግን ልክ ነበር፤» አሉ።